የመሰንጠቂያው ሞተር እምቢ ሲል

ግንዱ ተደርድሯል። ሠራተኛው ቆሟል። ጣውላ የሚጭነው አይሱዙም ደጅ እየጠበቀ ነው። ማብሪያውን ሲጫኑት ግን ሞተሩ «እምምም» ብሎ ያቃስትና አልነሳም ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ማብሪያውን ደጋግሞ ይጫናል፣ ወይ ሞተሩን ፈትቶ ወደ ሞተር ጠቅላይ ይልካል። የመጀመሪያው ደኅናውን ሞተር ያቃጥላል። ሁለተኛው ላልተበላሸ ሞተር ገንዘብ ያስወጣል።

እዚህ የምንነጋገረው በሐዲድ ላይ እየተገፋ ግንድ ስለሚሰነጥቀው፣ ባሕር ዛፍ ወደ ተቆረጠበት ሁሉ ተጭኖ ስለሚሄደውና በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚሠራው መሰንጠቂያ ነው። መጋዙ ረጅም ቀለበት ይሁን ክብ፣ ለዚህ ጉዳይ ለውጥ የለውም። የእህል ወፍጮ ያለዎትም ቢሆን አብዛኛው ይጠቅምዎታል፤ ሞተሩ ያው ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ናፍጣ ሞተር ብዙ የሚላወስ ነገር የለውም። ውስጡ የሚዞረው አንድ ዘንግ ብቻ ነው። እሱን የያዙት ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው። ዙሪያውን የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ሞተር በራሱ ጊዜ እምብዛም አይበላሽም። የሚገድለው ከውጭ የሚመጣበት ነው፦ የጎደለ መብራት፣ የሳሳ ኬብል፣ ሰጋቱራ፣ የደነዘ መጋዝ። ፍለጋውም ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። ሞተሩን መክፈት የመጨረሻው ሥራ ነው።

ምንም ከመንካትዎ በፊት መብራቱን ይቁረጡ። ስፒና ካለው ስፒናውን ነቅለው ከዓይንዎ ሥር ያስቀምጡት። በብሬከር የሚሠራ ከሆነ ብሬከሩን አውርደው ሳጥኑን ይቆልፉ፤ ቁልፉ ኪስዎ ይግባ። «መብራት ስለጠፋ ምንም አይልም» የሚሉትን አይስሙ። የጠፋ መብራት ሳይናገር ይመለሳል፤ ያኔ እጅዎ መጋዙ ላይ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ካቻቢቴ፣ ቁልፎችና ቴስተር፣ ማለትም ቮልትና የሽቦን መቀጠል የሚለካው መልቲሜትር፣ ይበቃሉ። ቢቻል ደግሞ ክላምፕ ሜትር ይኑርዎት። ይህ ሽቦውን ሳይቆርጡ አቅፎ የሚያልፍበትን አምፔር የሚናገር መለኪያ ነው። አምፔር በሽቦው የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ ቮልት ደግሞ የሚገፋው ግፊት። የክላምፕ ሜትር ዋጋ ከአንድ የሞተር ጥቅለላ እጅግ ያነሰ ነው። በመሰንጠቂያ የሚተዳደር ሰው ይህን ሳይዝ መሥራቱ ለእኔ አይገባኝም።

ጫፉ ፌዝ፣ ማለትም መብራት የያዘውን መስመር፣ ሲነካ የሚበራው ካቻቢቴስ አይበቃም? እዚህ ላይ ያታልላል። አንዱ ፌዝ ጠፍቶም ሞተሩ ከመስመሩ ጋር እንደተያያዘ ከሆነ፣ ከቀሩት ፌዞች የመጣው ቮልት በሞተሩ ጥቅልል ውስጥ አልፎ በጠፋው መስመር ይመለሳል። ካቻቢቴው ይበራል። ሰውየውም «ሦስቱም አለ» ብሎ ይፈርዳል።

ከዚህ በኋላ የሞተሩን ሰሌዳ በጨርቅ ይጥረጉና ያንብቡ። ጉልበቱ በኪሎዋት ወይም በፈረስ ጉልበት ተጽፏል፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ በደቂቃ የሚዞረው ዙርና ኸርዙም አለ። ኸርዝ ማለት የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው፤ የእኛ አገር 50 ነው። 7.5 ኪሎዋት የሆነ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በ380 ቮልት ላይ 15 አምፔር ገደማ ይስባል። 2.2 ኪሎዋት የሆነ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር በ220 ቮልት ላይ ይኸንኑ ያህል ይስባል። የእርስዎን ሞተር አምፔር በወረቀት ይያዙት። ከዚህ በኋላ የሚለኩት ሁሉ ከዚያ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል።

አሁን ዋናውን ጥያቄ እንመልስ። ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የመጋዙ? መብራቱ እንደተቆረጠ ቺንጋውን ያውጡ። ሞተሩ ብቻውን ይቅር። ዘንጉን በእጅዎ ያዙሩት፤ ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። ከዚያ እጅዎን አርቀው መብራቱን ይልቀቁት።

ብቻውን በደንብ ከተነሳ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነም ከሰሌዳው አምፔር ሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ከሳበ፣ ሞተሩን ይተዉት። (ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ባዶውንም ቢሆን ከዚህ በላይ ይስባል፤ ይህ አያስደንግጥዎ።) ጥፋቱ መጋዙ፣ ቺንጋው ወይም ግንዱ ጋ ነው። ሰው ከሚያስበው በላይ ብዙ «የተበላሸ ሞተር» እዚህ ላይ ይድናል።

የደነዘ መጋዝ እንጨቱን አይቆርጥም፤ ይፈገፍገዋል። ሠራተኛው ይህን አይቶ በኃይል ይገፋል። ሞተሩ 15 አምፔር መሳብ ሲገባው 20 ይስባል፤ ብሬከር ይወድቃል። ልጣጩ ላይ የተጣበቀ ጭቃና አሸዋ ጥርሱን በአንድ ግንድ ብቻ ሊበላው ስለሚችል፣ መሬት ለመሬት የተጎተተ ግንድ ተልጦ ወይም ተጠርጎ ቢቀርብ ይሻላል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ግንዱ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ያጠራቅማል። ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይለቀቅና ጣውላው ይጣመማል፤ አንዳንዴም መጋዙን መሐሉ ላይ ይቆነጥጠዋል። ያኔ ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማል። መፍትሔው ከመጋዙ ኋላ ሽብልቅ መምታትና ግንዱን እያገላበጡ ከየጎኑ መሰንጠቅ ነው። ለሞተሩ የሚወጣ አንድም ሳንቲም የለም።

ቺንጋውም ይታይ። ከላላ ፑሌጃው ላይ ይንሸራተታል፣ ይሸታል፣ ይጠቁራል። ከልክ በላይ ከተወጠረ የሞተሩን የፊት ኩሽኔታ ይበላል። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ካለ፣ መሐሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ቢሰምጥ ልክ ነው።

ሞተሩ ቺንጋው ወጥቶም እምቢ ካለ ሁለት ዓይነት እምቢታ አለ። አንዱ ዝም ማለት፣ ሌላው ማቃሰት ነው። ሁለቱን መለየት ግማሽ ሥራ ነው።

ዝም ማለቱ ቀላሉ ነው፤ መብራት ሞተሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ብሬከሩን ይዩ። ከዚያ ኦቨርሎዱን ይዩ። ኦቨርሎድ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ ግሎ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከኮንታክተሩ፣ ማለትም ማብሪያው ሲነካ በማግኔት ተስቦ ሦስቱንም መስመር በአንዴ ከሚያገናኘው ዕቃ፣ ሥር ተገጥሞ ትንሽ መመለሻ ቁልፍ አለው። ከቀዘቀዘ በኋላ ቁልፉን ይጫኑት። ቀዩ የማጥፊያ ቁልፍም ሰጋቱራ ገብቶበት እንደተጫነ ሊቀር ይችላል፤ ፈታ አድርገው ይጥረጉት። ኦቨርሎዱ ደጋግሞ ከወደቀ የማስተካከያውን ቁጥር ከፍ ማድረግ አንዳንድ ባለሙያ ሳይቀር የሚሠራው ጥፋት ነው። ቁጥሩ መሆን ያለበት የሰሌዳው አምፔር ነው። ከዚያ በላይ ከፍ ያደረገው ሰው ሞተሩን ያለ ጠባቂ ትቶታል።

ማቃሰቱ ግን አደገኛ ነው። ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ከተለመደው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ አምፔር ይስባል። ደኅና ሞተር ይህን የሚያደርገው ለሰከንዶች ብቻ ነው። እያቃሰተ ያልተነሳው ግን በዚያው መጠን እየሳበ ይቆያል፤ ጥቅልሉም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይነዳል። ስለዚህ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አይጠብቁት፤ ያጥፉት። ደጋግመው አይሞክሩ።

ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነና ካቃሰተ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንዱ ፌዝ መጥፋቱ ነው። ሦስት ሰዎች በየተራ እየገፉ የሚያዞሩትን ትልቅ ድንጋይ ያስቡ። አንዱ ሲቀር የቆመውን ድንጋይ ማስነሳት አይቻልም። ቀድሞ እየዞረ ከነበረ ግን ሁለቱ እያለከለኩ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ሞተሩም እንዲሁ ነው። እየሠራ ሳለ አንድ ፌዝ ቢጠፋበት አይቆምም። በቀሩት መስመሮች የሚያልፈው አምፔር ወደ 1.7 እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ ድምፁ ይወፍራል፤ ሽታ ሲመጣ ጊዜው አልፏል።

እንዴት ይለካል? ይህ መብራቱ ተለቆ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ካልለመዱት ለባለሙያ ይተዉት። ቴስተሩ በተለዋጭ ቮልት ላይ ሆኖ ከኮንታክተሩ መግቢያ ላይ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ይለካሉ። ሦስቱም ልኬቶች 380 አካባቢ መሆን አለባቸው። መግቢያው ላይ ከጎደለ ጥፋቱ ወደ ኋላ ነው፦ ብሬከሩ፣ ቆጣሪው ጋ ያለው ማያያዣ ወይም የምሰሶው ፊውዝ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የእርስዎ ሥራ አይደሉም፤ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይደውሉ። መግቢያው ሙሉ ሆኖ መውጫው ከጎደለ ኮንታክተሩ ነው።

ባዶውን ሲለካ ሙሉ የሚመስል፣ ሸክም ሲመጣ የሚጠፋ መስመርም አለ። የላላ ብሎን እንዲህ ያደርጋል። ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ በኮረኮንች መንገድ ይጫናል፣ ብሎኖች ይላላሉ። እዚህ ላይ ክላምፕ ሜትሩ ፈራጅ ነው። ሦስቱን ሽቦዎች በየተራ አቅፈው፣ በየመሐሉ ሞተሩን እያሳረፉ፣ ለእያንዳንዱ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ሞክረው ይዩ። ዜሮ ያነበበው የጠፋው መስመር ነው። ከዚያ መብራቱን ቆርጠው በዚያ መስመር ላይ ያለውን ብሎን ሁሉ ያጥብቁ፤ የጠቆረና የቀለጠ ሽቦ ካገኙ ቆርጠው በአዲስ ጫፍ ይሰሩት። የኮንታክተሩ ጥርሶች ከተቦረቦሩ በሞረድ አይፋቁ። ላያቸው ላይ ያለው ብር የተቀላቀለበት ማዕድን ይነሳና የባሰ ይግላሉ። ኮንታክተሩን መቀየር ይሻላል።

ሦስቱም ፌዝ ኖሮ እኩል ባይሆንስ? ይህም ይጎዳል። በመንደር መስመር ላይ አብዛኛው የእንጀራ ምጣድ በአንዱ ፌዝ ላይ ካረፈ፣ ሰው ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት ያ ፌዝ ይወርዳል። ለምሳሌ 385፣ 380 እና 360 ቢያነቡ አማካዩ 375 ነው፤ ትልቁ ልዩነት 15 ቮልት፣ ማለትም 4 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። በመሐንዲሶች የልምድ ስሌት ግን ይህ የሞተሩን ሙቀት በ30 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል። ጋገራው እስኪያልቅ ቀላል ግንድ መሰንጠቅ ወይም ማረፍ ነጻ መድኃኒት ነው።

ለባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብባል የምመርጠው ፌዝ ተቆጣጣሪ ሪሌን ነው። ፌዝ ሲጠፋ፣ ሲዛባ ወይም ሲገለባበጥ ኮንታክተሩን ራሱ የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥን ነው። መገለባበጡም ቀላል ነገር አይደለም። በመስመሩ ላይ ጥገና ተደርጎ ሁለት ፌዝ ቦታ ከተለዋወጠ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ቀለበት መጋዝም ከሚዞርበት ጎማ ሊወጣ ይችላል። መልሶ ለማስተካከል ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለት ማለዋወጥ ይበቃል።

ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ካለዎት ደግሞ የሚያቃስትበት ምክንያት ሌላ ነው። አንድ ፌዝ ብቻውን ሞተርን ማስነሳት አይችልም። መነሻ ጥቅልልና ካፓሲተር ያግዙታል። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሞተሩ ጀርባ ላይ በጉብታ መሰል ክዳን ሥር ይቀመጣል። ሁለት ካሉት አንዱ ማስነሻ፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚሠራው ነው። ማስነሻው ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ በውስጥ ባለ ማብሪያ ይቆረጣል። ይህ ማብሪያ ዘንጉ ሲፈጥን በሚከፈቱ ትንንሽ ክብደቶች የሚሠራ ነው።

ሞተሩ ያለ ቺንጋ ሆኖ ካቃሰተ፣ መብራቱ ተቆርጦ ዘንጉም በነጻ የሚዞር ከሆነ፣ ካፓሲተሩን ይጠርጥሩ። ያበጠ፣ ዘይት ያፈሰሰ ወይም የፈነዳ ከሆነ ምርመራው አለቀ። ካልሆነ ይለካል። ከመንካትዎ በፊት ግን ባዶ ያድርጉት፤ ስፒናው ተነቅሎም ካፓሲተር ኃይለኛ ንዝረት ይይዛል። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ሁለት ሽቦ አውጥተውለት ሁለቱን ጫፎች ለጥቂት ሰከንዶች ያስነኩ። በካቻቢቴ ማገናኘት የተለመደ ነው፤ ብልጭታው ግን ዓይንንም ካፓሲተሩንም ይጎዳል። ከዚያ ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ይጠቀሙ። መለኪያው ማይክሮፋራድ ይባላል፤ ላዩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ብዙ ከወረደ ሞቷል።

ሲገዙ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን። ቮልቱ ከተጻፈው ማነስ የለበትም፤ ቢበልጥ አይጎዳም። «ትንሽ ከፍ ያለ ማይክሮፋራድ ጉልበት ይጨምራል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ ይለፉት። ሁልጊዜ የሚሠራው ካፓሲተር ሲበልጥ የሚጨምረው ሙቀት ነው።

ካፓሲተሩ ደኅና ከሆነስ? በመሰንጠቂያ ላይ የውስጡ ማብሪያ ነው። ሰጋቱራ በጥርሶቹ መሐል ይገባል፤ ሞተሩ ሲቆም ማብሪያው መልሶ አይገጥምም። የኋላውን ክዳን ፈትቶ በብሩሽና በአየር ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካፓሲተር በተቀየረ ቁጥር የሚፈነዳ ከሆነ ደግሞ ማብሪያው ተጣብቆ ማስነሻውን አልቆርጥ ብሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ ካፓሲተር መቀያየር ገንዘብ መበተን ነው።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላ ጉዳይ ኬብሉ ነው። መሰንጠቂያው ወደ ግንዱ ስለሚሄድ ኬብል ይረዝማል። ያ 2.2 ኪሎዋት ሞተር 50 ሜትር በሚረዝም፣ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ባለው የመዳብ ኬብል ጫፍ ላይ ነው እንበል። ሲሠራ 15 አምፔር ይስባል፤ በኬብሉ የሚጠፋው 10 ቮልት ገደማ ነው፤ ይቻላል። ሲነሳ ግን 80 አምፔር ሊፈልግ ነው። ያኔ ከ40 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። የሞተር የመነሻ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ፈጥኖ ነው የሚወድቀው፤ በዚህ ምሳሌ ከሲሶ በላይ ያጣል። ያቃስታል፣ አይነሳም። እዚያው ቆጣሪው አጠገብ አምጥተው ሲሞክሩት ይነሳል። ሰው ይገረማል። በ6 ሚሊሜትር ካሬ ኬብል ቢቀየር የሚጠፋው ወደ 20 ቮልት ይወርዳል።

ወፍራም ኬብል ውድ ነው፤ ልክ ነው። ግን አንዴ ይገዛል፤ በቀጭን ኬብል የሚሠራ ሞተር ግን ተደጋግሞ ይጠቀለላል። በጥቅሉ ላይ እንዳለ የሚሠራ ኬብልም ይግላል፤ ዘርግተው ይጠቀሙ። ጄኔሬተር የሚጠቀሙ ከሆነ ተመሳሳይ ነው፤ የሞተሩ ኪሎዋት ሦስት እጥፍ ያህል ካልሆነ መነሻው ላይ ይንበረከካል።

ሞተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ግን ይግላል። እስከ ምን ድረስ? እጅ መለኪያ አይሆንም፤ 60 ዲግሪ ላይ ያለ ብረት እጅ አያስጠጋም፣ ሞተር ግን በሸክም ላይ ቅርፊቱ ከዚህ በላይ ቢሞቅ የተለመደ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው ላይ የሽቦ ሽፋኑ ደረጃ ተጽፏል። «ኤፍ» የሚለው ጥቅልሉ እስከ 155 ዲግሪ፣ «ቢ» የሚለው እስከ 130 ዲግሪ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ቀስ ብሎ የሚገድለው እንግዲህ ይህ ነው።

በመሰንጠቂያ ላይ የመጋል ዋና ምክንያቱ ደግሞ ሰጋቱራ ነው። የሞተሩ ገላ ላይ ያሉት ክንፎች ሙቀት እንዲያወጡ የተሠሩ ናቸው። ከኋላ ያለው ፋን አየር ይነፋባቸዋል። እርጥብ ሰጋቱራ ክንፎቹን ሲሞላና የፋኑን ክዳን ሲደፍን ሞተሩ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ይቆያል። በየምሳ ሰዓቱ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። በውኃ አይጠቡት። ሰሌዳው ላይ «አይፒ 55» ቢልም፣ ማለትም ከአቧራና ከሚረጭ ውኃ የተጠበቀ ቢሆንም፣ ላስቲኮቹ ከቆዩ ያ ቃል አይጸናም።

የሚያፏጭ ወይም የሚያንጓጓ ድምፅ ከመጣ ኩሽኔታው ነው። ዘንጉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ አብቅቷል። ያረጀ ኩሽኔታ እየተጠቀመ የሚቀጥል ሰው በመጨረሻ ዘንጉ ከጥቅልሉ ብረት ጋር ይጋጭበታል፤ በጥቂት ብር የሚያልቀው ወደ ሙሉ ጥቅለላ ይለወጣል። አዲሱን ለመግዛት አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይያዙ። እንደ 6206 ያለ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞቹ በ5 ሲባዙ የዘንጉን ውፍረት በሚሊሜትር ይነግሩዎታል፤ 06 ሲባዛ በ5፣ 30። ለአቧራ ቦታ ሁለቱም ጎኑ በላስቲክ የተዘጋውን፣ «ቱ አር ኤስ» የሚባለውን፣ ይጠይቁ። ሲገጥሙም በመዶሻ የውጭ ቀለበቱን አይምቱ። የውስጥ ቀለበቱን ብቻ የሚነካ ቧንቧ አስጠግተው ይግፉት።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሞተሩ አሁንም ብሬከር የሚጥል ከሆነ ወደ ጥቅልሉ እንሂድ። መብራቱን ቆርጠው የሞተሩን የሽቦ ሳጥን ይክፈቱ፣ ማገናኛ ብረቶቹን ያውጡ፣ የሦስቱንም ጥቅልል ጫፎች በቴስተር ይለኩ። ሦስቱ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ውስጡ ተነካክቷል፤ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። ከዚያ እያንዳንዱን ከሞተሩ ገላ ጋር ይለኩ። ይህ ግን በተራ ቴስተር አይጠናቀቅም። ጠቅላይ ቤት ያለው ሜገር በ500 ቮልት ገፍቶ ይፈትናል፤ ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ሞተሩ መብራት አይነካው። ዝናብ የገባበት ሞተር ግን እንዲህ ካነበበ ወዲያው አይጠቅለል። ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ወይም በአምፖል ሙቀት ይድረቅና እንደገና ይለካ።

የተቃጠለውን ጥቅልል ጠቅላዩ ሲከፍተው አብረው ይዩ። አቃጠሉ ራሱ ይናገራል። ሁሉም እኩል ከጠቆረ ከልክ በላይ ሸክም ወይም የአየር ማጣት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ጠቁረው አንዱ ደኅና ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጠቁሮ ሁለቱ ደኅና ከሆኑ፣ ፌዝ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ሁለት ወይስ አንድ የሚለው የሚወሰነው በአገናኙ ነው፤ በስታር ሁለቱ፣ በዴልታ አንዱ ይነዳል። ይህን ሳያውቁ ጠቅልለው ቢመልሱት በዚያው ምክንያት እንደገና ይቃጠላል።

ስታርና ዴልታ ምንድን ናቸው? ሦስቱ ጥቅልሎች የሚገናኙባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። በስታር ሦስቱ በአንድ ጫፍ ይገጥማሉ፤ በዴልታ ጫፍ ለጫፍ ሆነው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሰሌዳው 220/380 ካለ በእኛ 380 ላይ በስታር መገናኘት አለበት፤ በዴልታ ካገናኙት ይነዳል። 380/660 ካለ ደግሞ ዴልታ ነው፤ በስታር ካገናኙት የመነሻ ጉልበቱ ሲሶ ብቻ ይሆናል፤ መጋዙን አይጎትትም። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ማሽን ከገዙ ኸርዙን ይዩ። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ላይ ከአምስት ስድስተኛው ፍጥነት አያልፍም፤ መጋዙም በዚያው ልክ ይዘገያል። በፑሌጃ ልኬት ይካካሳል፤ የሙቀቱ ነገር ግን ክትትል ይፈልጋል።

አሁን ስለ ዋጋ። ብሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልሰጥዎትም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። ማጽዳትና ብሎን ማጥበቅ ነጻ ነው። ካፓሲተርና ኩሽኔታ ርካሽ ናቸው። ኮንታክተርና ኦቨርሎድ ይከተላሉ። ኬብል ከዚያ በላይ ነው። ጥቅለላ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሞተሩ በተለቀ ቁጥር የሚገባው መዳብ ይጨምራል። ለትንሽ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር የጥቅለላው ዋጋ ወደ አዲሱ ዋጋ ከተጠጋ አዲስ ይግዙ። ለትልቅ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ግን ጥሩ ጥቅለላ አዋጭ ነው።

ጥሩ ጥቅለላን በምን ያውቃሉ? ከመስማማትዎ በፊት ይጠይቁ። ሽቦው መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም? ውፍረቱና የዙሩ ብዛት ከአሮጌው ጋር አንድ ይሆናል? ሽፋኑ የትኛው ደረጃ ነው? ቫርኒሽ ይጠጣል፣ ይጋገራል? አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት ብረቱን እሳት ላይ የሚጥል ቤት ከሆነ ሞተርዎን ይዘው ይመለሱ። ብረቱ የተሠራው እርስ በርስ እንዳይነካካ ከተሸፈኑ ስስ ሰሌዳዎች ነው። ከልክ በላይ ሲነድ ሽፋኑ ይጠፋል፤ ሞተሩ አዲስ ሽቦ ለብሶም ለዘለዓለም ይግላል።

ሌላው ዋጋ በየወሩ የሚከፈለው ነው። 7.5 ኪሎዋት ሞተር በሙሉ ሸክም አንድ ሰዓት ሲሠራ 8.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪው የሚቆጥረው አሃድ ነው። መጋዙ አዲስ ሲሳል ቆጣሪውን አንብበው ጥቂት ግንድ ይሰንጥቁ፣ እንደገና ያንብቡ። ጥርሱ ሲደነዝ ይኸንኑ ይድገሙ። የመሳያው ዋጋና የመብራቱ ልዩነት ጎን ለጎን ሲቀመጡ መቼ መሳል እንዳለብዎት ራስዎ ያውቁታል።

ጥገናው ሲያልቅ መጋዙን ከመግጠምዎ በፊት ሞተሩን ብቻውን አስነስተው የሚዞርበትን አቅጣጫ ያረጋግጡ። የመሬት ሽቦው፣ ማለትም ቢጫና አረንጓዴው፣ ከሞተሩ ገላ ጋር መታሰሩን ይዩ፤ እርጥብ ግንድና እርጥብ መሬት ባለበት ሥራ ይህ የሠራተኛ ሕይወት ነው። ከዚያ የሦስቱን መስመሮች አምፔር ባዶውንና መካከለኛ ግንድ ሲሰነጥቅ ለክተው በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ከነቀኑ በማርከር ይጻፉት። ቀጣዩ ሠራተኛ ወይም ባለሙያ ሳጥኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ያ ቁጥር ይሆናል።